ለቤት ወርክሾፕ የንፋስ መስመር ምን ዓይነት ቧንቧ ልዘርጋ? (ደብረ ብርሃን)

አናጺ ከጠባሴ — ኅዳር 9፣ ምሽት 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ በግቢዬ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። አራት በሰባት ሜትር ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ባለፈው ወር ባለ 100 ሊትር ታንክ ኮምፕሬሰር ገዛሁ፤ ግፊቱ 8 ባር ሲደርስ ራሱን ያጠፋል። እስካሁን አንድ ረጅም የጎማ ቱቦ እየጎተትኩ ነው የምሠራው። ቱቦው እግር ይጠልፋል፣ መጋዝ ሥር ይገባል፣ ቀለም የተቀባ በር ላይ ይተሻሻል። ስለዚህ በግድግዳው ላይ ቋሚ መስመር ዘርግቼ በሦስት ቦታ መሰኪያ ላወጣ አሰብኩ፤ አንዱ ለምስማር መምቻው፣ አንዱ ለቀለም መርጫው፣ አንዱ አቧራ ለማራገፊያ።

ቤቱን ስሠራ ከውኃ ዝርጋታ የተረፈ ወደ 15 ሜትር የሚሆን ፒቪሲ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ቧንቧ አለኝ፤ ኤልቦውም (መታጠፊያው) ማጣበቂያውም አብሮ ተቀምጧል። አንድ ጎረቤቴ «የውኃ ግፊት ከቻለ ንፋስ አያቅተውም» አለኝ። ነገሩ ልክ ይመስላል፤ ሆኖም ልጄ ማታ ማታ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ የቤት ሥራውን ስለሚሠራ ሳልጠይቅ መጀመር አልፈለግኩም። የሞከራችሁ ምን ትላላችሁ?

የጎማ ሠራተኛ፣ ሸዋ ሮቢት — ኅዳር 9፣ ምሽት 3፡02

ወንድሜ፣ እባክህ አትዘርጋው። ስለ ራሴ ያየሁትን ልንገርህ።

ሥራውን የተማርኩት ደጋ ላይ ባለች ከተማ በአንድ ጎሚስታ ቤት ነው። ባለቤቱ ከኮምፕሬሰሩ እስከ በሩ ድረስ በግድግዳው ላይ ግራጫ ፒቪሲ ዘርግቶ ነበር። ሁለት ዓመት ያለ ምንም ችግር ሠራ። በታኅሣሥ አንድ ማለዳ፣ ገና ውርጩ ከቆርቆሮው ላይ ሳይለቅ፣ ኮምፕሬሰሩን አስነስቼ የከባድ መኪና ጎማ ወደ ውጭ እያንከባለልኩ ሳለ ከኋላዬ ፈነዳ። ጎማ የፈነዳ መስሎኝ ነበር የዞርኩት። ግድግዳው ላይ የነበረው ኤልቦ የለም። ቦታው ባዶ ነው፤ ንፋሱ ብቻ እየጮኸ ይወጣል።

በኋላ ስብርባሪውን ለቃቀምን። አንዱ ቁራጭ የጣት ጥፍር ያህል ነው፤ ጫፉ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ የሾለ ነው። የእንጨቱ በር ውስጥ ገብቶ ተቀርቅሮ በፒንሳ ነው ያወጣነው። ሌላው ከመነዳሪ የምንፈትሽበትን የፕላስቲክ ሳፋ በስቶት አልፏል። አብሮኝ ይማር የነበረው ልጅ ጉንጩ ላይ፣ ከዓይኑ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ተመታ። ሰባት ጊዜ ተሰፋ። ዓይኑ ተርፏል፤ ያተረፈው ግን የሁለት ጣት ርቀት ብቻ ነው።

ልጅህ የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ አስበውና ቧንቧውን ለውኃ ተወው።

ባለ ጋራዥ፣ ሸኖ — ኅዳር 10፣ ጠዋት 1፡40

በወንድማችን ላይ የደረሰው ያሳዝናል፤ ነገር ግን እኔ ፒቪሲ ዘርግቼ አራት ዓመቴ ነው። አንድ ጊዜም አልፈነዳም፣ አላፈሰሰም። ቧንቧው ላይ «ፒኤን 16» ተብሎ ታትሟል፤ 16 ባር ይችላል ማለት ነው። እኔ የምሠራበት 8 ባር፣ ግማሹ ነው። የብረት ቧንቧ ዋጋ ዛሬ ምን ያህል እንደ ናረ የምታውቁት ነው። ምናልባት የዚያ ጎሚስታ ቧንቧ ጥራቱ የወረደ ይሆናል፤ ወይም አጣባቂው ልምድ አልነበረውም። ሁሉንም ፒቪሲ በአንድ አደጋ መኮነን ትክክል አይመስለኝም።

የፊዚክስ መምህር — ኅዳር 10፣ ቀን 7፡20

የሸኖው ወንድማችን ያነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ፒኤን 16 ማለት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውኃ 16 ባር ይሸከማል ማለት ነው። ቁጥሩ የተሰጠው ለውኃ ነው። ውኃ በ8 ባር ሲታመቅ መጠኑ የሚቀንሰው ከሺህ አንድ እንኳ ሳይሞላ ነው፤ ስለዚህ በውስጡ የተቀመጠ ጉልበት የለም ማለት ይቻላል። ቧንቧው ሲሰነጠቅ ጥቂት ጠብታ ይፈናጠርና ግፊቱ ወዲያው ዜሮ ይሆናል። አየር ግን እንደ ታመቀ ሞላ ነው። ሂሳቡን ብንሠራው በ100 ሊትር ታንክ ውስጥ በ8 ባር የታመቀ አየር ሲለቀቅ የሚሰጠው ጉልበት አንድ ኩንታል ጤፍ 100 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ከሚያስፈልገው ጋር ይቀራረባል። ያው ታንክ በዚያው ግፊት ውኃ ቢሞላ የሚለቀው ጉልበት አንድ ኪሎ ስኳር አንድ ሜትር ተኩል የማንሳት ያህል ነው። ግፊቱ አንድ ሆኖ ጉልበቱ በሺዎች እጥፍ ይለያያል። የአናጺው ጎረቤት ያላዩት ይህንን ነው።

ሁለተኛው ነገር የፒቪሲ አሰባበር ነው። ብረትና መዳብ አቅማቸው ሲያልቅ ይለጠጣሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ በስንጥቁ ንፋሱ እያፏጨ ይወጣል። ፒቪሲ እንደ ገል ይሰባበራል፤ ከኋላው ያለው አየር ደግሞ ስብርባሪውን ይተኩሰዋል። ስለዚህ «ስንት ባር ይችላል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «የተሰበረ ዕለት እንዴት ይሰበራል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ከመሬት በላይ በተዘረጋ የታመቀ አየር መስመር ፒቪሲ እንዳይሠራበት ማስጠንቀቂያ ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

አራት ዓመት ሳይፈነዳ መቆየቱን በተመለከተ፦ ፒቪሲ በአንድ ቀን አይደክምም። ኮምፕሬሰሩ በበራና በጠፋ ቁጥር ግፊቱ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ፀሐይ የሚያገኘው ከሆነ እየደረቀ ይሄዳል፤ ከኮምፕሬሰር የሚወጣ የዘይት ጭጋግም እንደ ዘይቱ ዓይነት ሊጎዳው ይችላል። ሙቀትም አለ። የፒቪሲ አቅም በ43 ዲግሪ ግማሽ ገደማ ይሆናል፣ በ60 ዲግሪ ከአምስት አንድ ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ከፒስተን ኮምፕሬሰር ሲሊንደር የሚወጣ አየር ደግሞ ከ100 ዲግሪ በላይ ነው፤ ታንኩ ቢያበርደውም ረጅም ሰዓት ሲሠራ ሞቆ ነው ወደ መስመሩ የሚገባው።

እኛ አገር ላይ ሌላም ይጨመርበታል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአካባቢው የአየር ግፊት ወደ 0.72 ባር ነው። በባሕር ወለል ላይ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 8 ባር እንዲያሳይ አየሩ ወደ 9 እጥፍ ይታመቃል፤ እዚህ ግን 12 እጥፍ መታመቅ አለበት። ስለዚህ ሲሊንደሩ ይበልጥ ይግላል፣ ታንኩም ለመሙላት ይዘገያል። በዚህ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ አለ፤ ፒቪሲ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ተሰባሪ ይሆናል። የጎማ ሠራተኛው የነገሩን ፍንዳታ ማለዳ መሆኑ አላስደነቀኝም።

ባለ ጋራዥ፣ ሸኖ — ኅዳር 10፣ ምሽት 1፡05

መምህር፣ የኩንታሉ ሂሳብ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የእኔ ታንክ ደግሞ 200 ሊትር ነው። መስመሩ ከመኪና ማንሻው በላይ በራስ ቁመት ያልፋል።

ታዲያ ፒፒአርስ? አረንጓዴው፣ በሙቀት የሚበየደው። ፒኤን 20 አለ፤ በየቤቱ ለሙቅ ውኃ ይዘረጋል፣ እንደ ፒቪሲም አይሰባበርም ይባላል።

የቧንቧ ሠራተኛ፣ 30 ዓመት — ኅዳር 11፣ ጠዋት 3፡30

ልጆቼ፣ ፒፒአርን በየቀኑ እዘረጋለሁ፣ ለውኃም እወደዋለሁ። ለንፋስ ግን፣ በተለይ በእኛ ብርድ፣ አልዘረጋውም። ፒፒአር ሙቀት ባለበት ጠንካራ ነው፤ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ግን ባሕርይው ይለወጣል። ጥር ላይ ውጭ ያደረ ፒፒአር ከመኪና ላይ ወድቆ እንደ ሸክላ ሲሰነጠቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፣ እዚያ ሌላ ነው ሊባል ይችላል፤ ጠባሴና ሸኖ ላይ ግን አይሆንም። አምራቹ በጽሑፍ «ለታመቀ አየር» ብሎ፣ ከነግፊቱና ከነሙቀቱ ካልሰጣችሁ በስተቀር ተዉት። ጥቁሩ የመስኖ ቧንቧም ይጠየቃል። እርሱ አይሰባበርም፤ ነገር ግን ሙቀት ያለሰልሰዋል፣ ማያያዣውም ይነቀላል። የተነቀለ ጫፍ እንደ እባብ እየተገረፈ ሰው ይመታል።

አናጺው፣ ለአንተ የምመክርህ የ3/4 ኢንች ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) ቧንቧ ነው። ስብራቱ አያስፈራም፣ በየሱቁ ይገኛል፣ ጫፉ ላይ የብሎን ጥርስ የሚያወጣልህ ሰውም አታጣም። መዳብ ከሁሉም ይሻል ነበር፤ አይዝግም፣ ሙቀትም ቶሎ ይለቃል። ግን ዋጋውን ቻልኩት ብትል እንኳ ግቢህ ውስጥ አያድርም። ለንፋስ ተብሎ የተሠራ የአሉሚኒየም መስመርም አለ፤ ፋብሪካዎች ይጠቀሙበታል፣ ለአንድ ክፍል ግን ወጪው ይበዛል።

ጋልቫናይዝድ ነውሩ ውስጡ ነው። የዚንኩ ቅርፊት እየተነሣ ከውኃ ጋር ይሄዳል፣ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ይደፍናል። ስለዚህ ቧንቧው ከተቆረጠ በኋላ የውስጡን ዝርክርክ ጠርዝ በሞረድ አጥራው፣ ዕቃ ከመሰካትህ በፊት መስመሩን በንፋስ አጥበው፣ በየመሰኪያው ማጣሪያ አድርግ። ቴፍሎኑን ጥርሱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠቅልል፤ በተቃራኒው ከጠቀለልከው ስታጠብቅ ተፈትቶ ይወጣል። የመጀመሪያዋን ጥርስ ባዶ ተዋት፤ አለበለዚያ ቁራጩ ወደ ውስጥ ይገባል። አንዴ ያጠበቅከውን ለማስተካከል ብለህ ወደ ኋላ አትመልስ፤ ከመለስክ ፈትተህ እንደ አዲስ ጠቅልል።

ከኮምፕሬሰሩ ወደ ብረቱ በቀጥታ አታያይዝ። ኮምፕሬሰር ይንቀጠቀጣል፤ ንቅጥቅጡ የመጀመሪያውን መገጣጠሚያ ይፈታል ወይም ይሰብራል። ግማሽ ሜትር የሚሆን ለዚሁ የተሠራ፣ ግፊቱ የተጻፈበት የጎማ ቱቦ መካከል ላይ አስገባ። ከታንኩ መውጫ ላይ ቫልቭ አድርግ፣ ማታ ዝጋው።

በታንኩ ላይ ያለችውን ቀለበት ያላት ትንሽ ቫልቭ ደግሞ በፍጹም አትንካት፤ ታፏጫለች ብለው በብሎን የደፈኗት ሰዎች አሉ። እርስዋ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ አየሩን የምታስወጣ የመጨረሻዋ መከላከያ ናት። ከፈሰሰች ለውጣት እንጂ አትድፈናት።

የቀለም ቤት፣ ደብረ ሲና — ኅዳር 11፣ ቀን 8፡10

ጋሼ የነገሩት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ የውኃውን ነገር ልጨምር፤ ያቃጠለኝ እርሱ ነው።

መስመሬን ያዘረጋሁት ባለፈው ዓመት በጋልቫናይዝድ ነው። ሠራተኛው በውኃ ልኩ ቀጥ አድርጎ፣ አንድ ሚሊ ሳያዛንፍ ዘረጋልኝ። አመሰገንኩት። ክረምት ሲገባ ግን፣ ጉሙ ከጣርማ በር ሲወርድ፣ ቀለም መርጫዬ ውኃ መትፋት ጀመረ። ለሙሽሮች የሠራሁት ቁምሳጥን በር ላይ ቫርኒሹ ሲደርቅ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ ጉድጓድ ሆኖ ታየ። ሦስት ጊዜ ፍቄ ሦስት ጊዜ ቀባሁት። ጥፋቱ የቫርኒሹ መስሎኝ ከሻጩ ጋር ተጣልቻለሁ፤ በኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

አየር ሲታመቅና ሲበርድ በውስጡ ያለው እርጥበት ውኃ ይሆናል። ውኃው መሄጃ ይፈልጋል። መስመሩ በየሜትሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ አንድ ወገን ማዘንበል አለበት፤ በዝቅተኛው ጫፍ ላይ ማፍሰሻ ቫልቭ ይደረጋል። ወደ መሰኪያው የሚወርደው ቅርንጫፍ ደግሞ ከዋናው ቧንቧ ሆድ ሳይሆን ከጀርባው ነው መውጣት ያለበት። ቲውን (ባለ ሦስት አፉን መገጣጠሚያ) ወደ ላይ አዙሮ፣ በሁለት ኤልቦ አጥፎ ወደ ታች ማውረድ ነው። ውኃው በሆዱ ይሄዳል፣ አየሩ ከላይ ይወጣል። እንዲህ ካስተካከልኩት ወዲህ አንድም በር አልተበላሸብኝም። የቀለም መርጫውን መሰኪያ ከኮምፕሬሰሩ የራቀው ጫፍ ላይ አድርገው፤ አየሩ እዚያ እስኪደርስ በብረቱ ውስጥ ይበርዳል፣ ውኃውንም መንገድ ላይ ይጥላል።

የታንኩን ውኃ ማታ ማታ አፍስሰው። ጠዋት አፈስሰዋለሁ ብለህ ካሳደርከው ውርጭ ባለበት ሌሊት ማፍሰሻው ላይ በረዶ ሆኖ ይጠብቅሃል።

ባለ ጋራዥ፣ ሸኖ — ኅዳር 12፣ ምሽት 2፡50

የእኔ መስመር 28 ሜትር ነው። ያንን ሁሉ ብረት በአንድ ጊዜ መግዛት አልችልም፤ ሁለት ልጆች ዩኒቨርሲቲ አሉኝ። እስከዚያ ምን ላድርግ? ሠራተኞቼም ከሥሩ ነው የሚሠሩት።

የቧንቧ ሠራተኛ፣ 30 ዓመት — ኅዳር 12፣ ምሽት 3፡25

ልጄ፣ ዛሬውኑ ፒቪሲውን ከታንኩ ላይ ፍታው። ከኮምፕሬሰሩ በቀጥታ ጥሩ የጎማ ቱቦ አውጣና ወደ ሥራው ጎትተው። አይመችም፤ አናጺውም የሸሸው ይህንኑ ነው። ግን ቱቦ ቢቀደድ ያፏጫል እንጂ ስብርባሪ አይተኩስም። ቱቦው ላይ ቢያንስ 20 ባር የሚል ጽሑፍ ይኑርበት፤ ሁለቱ ጫፎቹ በደንብ ይታሰሩ። ብረቱን በየወሩ ስድስት ስድስት ሜትር ግዛ። ከኮምፕሬሰሩ ጀምረህ ቀጥል፤ ብረቱ ባለቀበት ላይ ቱቦውን ሰካ። በአምስት ወር ትጨርሳለህ። ፒቪሲውን በግርዶሽ ሸፍኜ ልለፍ ብለህ ግን እንዳታስብ።

አናጺ ከጠባሴ — ኅዳር 24፣ ቀን 10፡00

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዘግይቼም ቢሆን የሆነውን ላሳውቃችሁ።

የ3/4 ጋልቫናይዝድ ገዛሁ፤ ሁለት ባለ ስድስት ሜትር ዘንግ በቃኝ። ፒቪሲውን ለጓሮ ጎመኔ ውኃ ማጠጫ አደረግኩት። መስመሩ ከኮምፕሬሰሩ ጥግ ተነሥቶ እስከ ቀለም መርጫው ጫፍ አሥር ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ በየሁለት ሜትሩ በብሎኬቱ ላይ በብረት ማሰሪያ አስሬዋለሁ። ሦስቱም መሰኪያዎች የደብረ ሲናዋ እህታችን እንደ ነገረችኝ ከቧንቧው ጀርባ ወጥተው ነው የሚወርዱት። ልጄ ቲዎቹ ወደ ላይ የዞሩበትን ምክንያት ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ ለክፍል ጓደኞቹም አስረድቷቸዋል አሉ።

ከመገጣጠሙ በኋላ ኮምፕሬሰሩን ከማስነሣቴ በፊት በውኃ ፈተሽነው። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ የእጅ መፈተሻ ፓምፑን ይዞ መጣልኝ፤ ታንኩን ለይተን፣ አየሩን ከመስመሩ ሙሉ በሙሉ አስወጥተን ውኃ ሞላንና 12 ባር አደረስነው። ሁለተኛው ቲ ላይ ዕንባ የመሰለ ጠብታ ወጣ። ጠብታ ብቻ ነበር፤ በንፋስ ፈትሸን ቢሆን ምን ይሆን ነበር ብዬ አሰብኩ። ፈትተን እንደ አዲስ ጠቀለልነው፣ ደገምነው፣ ግማሽ ሰዓት ቆየ፣ መርፌዋ አልተነቃነቀችም። ከዚያ ውኃውን አፍስሰን በንፋስ አጠብነው። የወጣው ግራጫ ቅርፊት አንድ የቡና ስኒ ይሞላል፤ ያ ሁሉ ምስማር መምቻው ውስጥ ሊገባ ነበር። በመጨረሻ በሥራው ግፊት መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ቀባኋቸው፤ አንድም አረፋ አላበጠም።

አሁን የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር አለ። ትናንት ማታ 1 ሰዓት ላይ ኮምፕሬሰሩን አጥፍቼ የታንኩን ቫልቭ ክፍት ትቼ፣ መሰኪያዎቹን ዘግቼ፣ ጌጁን አየሁት፤ 8 ባር። ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 7.5 ሆኖ አገኘሁት። አረፋው ያላሳየኝ ፍሳሽ አለ ማለት ነው?

የፊዚክስ መምህር — ኅዳር 24፣ ቀን 10፡45

ወንድሜ፣ ከመፍታትህ በፊት ሙቀቱን ንገረኝ። ማታ ስትዘጋ ክፍሉ ስንት ዲግሪ ነበር? ጠዋትስ?

አናጺ ከጠባሴ — ኅዳር 24፣ ምሽት 12፡30

ቀለም ለማድረቅ የምጠቀምበት የግድግዳ ቴርሞሜትር አለኝ። ማታ ከሥራ ስወጣ ምድጃው ስለ ነበረ 20 ነበር። ጠዋት 3 ዲግሪ። በጓሮው ጎመን ላይ ውርጭ ነበር።

የፊዚክስ መምህር — ኅዳር 24፣ ምሽት 1፡10

እንግዲያው ሂሳቡ ይኸው። ጌጁ 8 ባር ሲል፣ የደብረ ብርሃንን የአካባቢ ግፊት ስንጨምርበት እውነተኛው ግፊት 8.72 ነው። 20 ዲግሪ በኬልቪን (273 ሲደመርበት) 293፣ 3 ዲግሪ 276 ነው። 8.72ን በ276 አባዝተህ ለ293 ስታካፍል 8.21 ይመጣል። የአካባቢውን 0.72 ስትቀንስ ጌጁ 7.5 ማሳየት አለበት። አንተም ያገኘኸው 7.5 ነው። አየሩ አልወጣም፤ በርዷል። ነገ ምንም ሳትነካ ክፍሉ ሲሞቅ ደግመህ እየው።

አናጺ ከጠባሴ — ኅዳር 25፣ ቀን 7፡40

ዛሬ እሑድ ነው፤ ምንም ሳልነካ ቆየሁ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ምድጃውን አቀጣጠልኩ፤ 7 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩ 19 አለ። ጌጁ ከ8 በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ቆሟል። ልጄን ጠርቼ አሳየሁት፤ አሁን የመምህርን ሂሳብ በደብተሩ ላይ እየሠራ ነው።

ባለ ጋራዥ፣ ሸኖ — ኅዳር 25፣ ምሽት 2፡20

እኔም ፒቪሲውን ፈትቻለሁ። የመጀመሪያው ስድስት ሜትር ብረት ተሰቅሏል፤ ጋሼ እንዳሉት የቀረው በቱቦ ነው። ያወረድኩትን አንዱን ኤልቦ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጬ በጨርቅ ሸፍኜ በመዶሻ አንድ ጊዜ መታሁት። ጨርቁን ስገልጠው የቆጠርኩት ቁራጭ አሥራ አራት ነው።

መምህር፣ የእኔን 200 ሊትር ሂሳብ ለሠራተኞቼ ለማሳየት እፈልጋለሁ። ሁለት ኩንታል ነው የሚሆነው?

የፊዚክስ መምህር — ኅዳር 25፣ ምሽት 2፡35

አዎ፣ በ8 ባር ሁለት ኩንታል፣ 100 ሜትር።